ኪው ጋርደንስን ከእናቴና ከልጆቼ ጋር በአንድ ቀን እንዴት እንጎብኘው?

ሰላም ከሌስተር

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በመጪው ሐምሌ እናቴ ከኢትዮጵያ ልትጠይቀን ትመጣለች። ዕድሜዋ ሰባን ያለፈ ሲሆን ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ ሳታርፍ መሄድ አትችልም። ተወልዳ ያደገችው ሊሙ ውስጥ፣ በቡና መሬት ነው፤ እስከ ዛሬም ጓሮዋ የገባ እንግዳ የእያንዳንዱን ተክል ስምና ጥቅም ሳይሰማ አይወጣም። ስለዚህ ለንደንን ሳሳያት ሰው ለሰው የሚጋፋበትን ገበያ ከማዞር ይልቅ አንድ ሙሉ ቀን ኪው ጋርደንስ የሚባለው የዕፅዋት ስፍራ ይዣት ብውል ይሻላል ብዬ አስቤያለሁ። ዘጠኝና አሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሁለት ልጆቼም አብረውን ይሄዳሉ።

ችግሬ የቦታው ስፋት ነው። 132 ሄክታር መሬት በአንድ ቀን፣ ያውም ጉልበቷን ከሚያማት እናት ጋር፣ እንዴት ይዳረሳል? የቱን አይተን የቱን እንተው? የመግቢያው ዋጋ ለአራት ሰው ቀላል ስላልሆነ ቀኑ በከንቱ እንዳያልፍብን እሰጋለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአገራችን ጋር የሚገናኝ ነገር በግቢው ውስጥ ካለ፣ ልጆቼ ከአያታቸው አፍ እየሰሙ እንዲያዩት እፈልጋለሁና የምታውቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁ አይረሳኝም።

አትክልተኛው

እናትዎን በሰላም ያምጣልዎ። በለንደን መናፈሻዎች አትክልተኛ ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ኪው ለሥራዬ ትምህርት ቤት፣ ለዕረፍቴም መዋያ ሆኖልኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ይያዙልኝ።

የመጀመሪያው ምክሬ ሁሉን ለማዳረስ እንዳይሞክሩ ነው። ሰው ኪው ሄዶ ተሰላችቶ የሚመለሰው ካርታ ይዞ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሮጥ ስለሚውል ነው። ሁለት የመስታወት ቤቶችና ጥቂት ዛፎች ረጋ ተብለው ከታዩ ቀኑ ሙሉ ነው።

መጀመሪያ ፓልም ሀውስ ይግቡ። ከ1844 እስከ 1848 ድረስ የተሠራ፣ ዴሲመስ በርተን የተባለው አርክቴክትና ሪቻርድ ተርነር የተባለው አየርላንዳዊ የብረት ሥራ ባለሙያ ያቆሙት ቤት ነው። ያን የሚያህል ስፋት በመስታወት ለመሸፈን የሚያስችል የተለመደ የቤት አሠራር በዘመኑ ስላልነበረ የብረቱን ዘዴ ከመርከብ ሠሪዎች ወሰዱ፤ ከሩቅ ለሚያየው የተገለበጠ መርከብ የሚመስለውም ለዚህ ነው። በሩን ከፍተው ሲገቡ መነጽር ካደረጉ ወዲያው በእንፋሎት ይሸፈንብዎታል። ከላይ ጠብታ ይወርዳል፤ የእርጥብ አፈርና የቅጠል ሽታ ከሙቀቱ ጋር ፊትን ይመታል። እናትዎ ገና ከበሩ ላይ ከየትኛው አገር አየር ውስጥ እንደገቡ የሚነግሯችሁ ይመስለኛል። የቡና ተክልም እዚያው ከዘንባባው፣ ከካካዎውና ከጎማው ዛፍ ጋር አብሮ ስላለ ለልጆቹ ቅጠሉንና ቅርንጫፉን እሳቸው ራሳቸው ያስረዷቸው።

በዚህ ቤት ውስጥ ግን ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ተክል አለ። ፍራንሲስ ማሰን የተባለ የኪው አትክልተኛ ከደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ ሰብስቦ ያመጣውና በ1775 ኪው የደረሰ ሳይካድ፣ ማለትም ዘንባባ የሚመስል ጥንታዊ የተክል ዓይነት፣ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመወለዳቸው ከአርባ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው። በዓለም ላይ በማሰሮ ውስጥ ከሚኖሩ ተክሎች ሁሉ አንጋፋው ይህ እንደሆነ ይነገርለታል። ግንዱ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ዘንበል ብሎ ረዝሟል፤ እንዳይወድቅም በድጋፍ ተይዟል። ጠጋ ብለው ቢመለከቱት ቅጠሎቹ በየዓመቱ የረገፉባቸው ጠባሳዎች እንደ ቅርፊት ተደራርበው ግንዱን ሸፍነውት ያያሉ፤ ዕድሜው በሙሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። በኪው ቆይታው ፍሬ መሰል ኮኑን ያወጣው በ1819 አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያን ለማየት ለአትክልቱ ብዙ የደከሙት ሰር ጆሴፍ ባንክስ በስተርጅናቸው መጥተው ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ዐረፉ።

ሁለተኛው ቤት ቴምፐሬት ሀውስ ነው። ሥራው በ1860 አካባቢ ተጀምሮ በገንዘብ እጥረት እየተቋረጠ በ1899 ያለቀ፣ ከቪክቶሪያ ዘመን ከተረፉት የመስታወት ቤቶች ሁሉ ትልቁ ነው። አምስት ዓመት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በ2018 ተከፍቷል። አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ለእናትዎ ከፓልም ሀውስ ይልቅ ይመቻል። እዚህ ውስጥ እንሴፋላርቶስ ውዲ የሚባለውን ሳይካድ ይፈልጉት። በ1895 በደቡብ አፍሪካ ኦንጎዬ ጫካ ውስጥ አንድ ወንድ ተክል ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ሴቲቱን ያገኘ ሰው የለም። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ሁሉ ከዚያ ከአንዱ የተቆረሱ ናቸው። ኪው ያለው በ1899 የመጣ ሲሆን እስከ ዛሬ ጓደኛ አልተገኘለትም።

ከእርሱ ሳይርቅ ደግሞ ካፌ ማሮን የሚባል ነጭ አበባ ያለው ቁጥቋጦ አለ። ከቡና ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ጠፍቷል ተብሎ ከተደመደመ በኋላ በ1979 በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በሮድሪገስ ደሴት አንድ ተማሪ አስተማሪው ባሳየው ሥዕል መሠረት ፈልጎ አገኘው። ከዚያው ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በአውሮፕላን ኪው መጥቶ ጸደቀ፤ ለዓመታት ግን አበባ እንጂ ዘር አልሰጥ ብሎ ቆየ። በመጨረሻ ካርሎስ ማግዳሌና የተባለው የኪው አትክልተኛ ደጋግሞ ሞክሮ ዘር እንዲይዝ ስላደረገው ዘሩ ወደ ደሴቱ ሊመለስ ቻለ። ለልጆች ከዚህ የበለጠ ታሪክ በግቢው ውስጥ አላውቅም።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ፓልም ሀውስና አጠገቡ ያለው የውሃ አበባ ቤት ለረጅም ጊዜ እድሳት እንዲዘጉ እቅድ ስላለ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ክፍት መሆናቸውን ከአትክልት ስፍራው ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

የመንታዎች እናት

እኔ የምጽፈው ስለ ገንዘቡና ስለ ልጆቹ ነው። የመግቢያው ዋጋ እንደ ወቅቱ ስለሚለያይ ቀኑን ቆርጣችሁ በኢንተርኔት ቀድማችሁ ብትገዙ ከበሩ ላይ ይረክሳል። ከቤተሰቡ መካከል ዩኒቨርሳል ክሬዲት ወይም ፔንሽን ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ሰው ካለ ደግሞ መግቢያው 1 ፓውንድ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቁ ወገኖቻችን ጥቂቶች በመሆናቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ሰው ዋጋውን ሰምቶ "ይህ ለእኛ አይደለም" ብሎ ይቀራል። አካል ጉዳተኛን አጅቦ ለሚገባ ረዳትም አይከፈልም። በበሩ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ክፍያ ያውሳሉ። እናትዎ "እኔ በወንበር አልገፋም" ሊሉ ይችላሉና ለድንገቱ ብለው ይዘውት ይግቡ፤ ደከም ሲላቸው ራሳቸው ይቀመጡበታል።

የልጆች የአትክልት ስፍራ የሚባለው በ2019 የተከፈተ ሲሆን የተሠራው እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ተክል ለመኖር የሚያስፈልገውን፣ ማለትም አፈርን፣ አየርን፣ ፀሐይንና ውሃን፣ በጨዋታ ያሳያል። ትልቁ ልጅዎ ግን "ዘ ሃይቭ" የሚባለውን 17 ሜትር ቁመት ያለውን የብረት ቀፎ የሚመርጥ ይመስለኛል። ግቢው ውስጥ ካለ እውነተኛ የንብ ቀፎ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ንቦቹ በተንቀሳቀሱ ቁጥር መብራቱና ድምፁ ይለዋወጣል። በ2008 የተሠራው የዛፍ ጫፍ መተላለፊያም ከመሬት 18 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ሊፍት ስላለው እናትዎም ከላይ ሆነው የዛፎቹን አናት ማየት ይችላሉ፤ ሊፍቱ በዚያ ቀን መሥራቱን ግን ይጠይቁ።

ምሳ ይዞ ገብቶ ሣር ላይ መብላት የተፈቀደ ነው። እሳት ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይቻልም። ይህን የምለው ጀበናና ከሰል ይዘን ካልገባን የሚሉ እንግዶች ስላጋጠሙኝ ነው። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲኒውን ግን አትርሱ።

ታሪክ ወዳድ

የቀደሙት ጸሐፊዎች ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ የምጨምረው፣ ይህ ስፍራ ውብ ብቻ ሳይሆን የኃይል ታሪክ ያለበት መሆኑን አውቆ መጎብኘት እንደሚገባ ነው።

አትክልቱ የተጀመረው በ1759 የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ እናት ልዕልት ኦገስታ በቤታቸው ግቢ ውስጥ ባስተከሉት ትንሽ የዕፅዋት ስብስብ ነው። ዊልያም ቼምበርስ ያሠራላቸው አሥር ደርብ ያለው ፓጎዳ በ1762 ቆመ። በጣሪያዎቹ ጠርዝ ላይ የነበሩት ሰማንያ የእንጨት ዘንዶዎች በ1784 ወርደው ለሁለት መቶ ዓመታት ጠፍተው ከቆዩ በኋላ በ2018 በአዲስ ተተክተዋል። ይህ ለጌጥ የተሠራ ፎቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወለሎቹ ተበስተው የቦምብ ሞዴሎች አወዳደቅ ከላይ ወደ ታች የሚሞከርበት ቦታ ሆኖ ነበር። በ1913 ደግሞ የመምረጥ መብት የጠየቁ ሴቶች የኦርኪዱን ቤት መስታወት ሰባብረው፣ ከቀናት በኋላ የሻይ ቤቱን አቃጥለዋል። ሰው ሲመለከተው ጸጥ ያለ ግቢ ይመስላል እንጂ የዘመኑ ትግል ሁሉ አልፎበታል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ከ1840 በኋላ፣ ኪው ከቤተ መንግሥቱ እጅ ወጥቶ የመንግሥት ተቋም ሲሆን ይጀምራል። በዊልያም ሁከር፣ ቀጥሎም በልጁ በጆሴፍ ሁከር መሪነት ይህ አትክልት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የእርሻ ማእከል ሆነ። በአንዲስ ተራሮች የሚበቅለውና የወባ መድኃኒት የሆነው ኪኒን የሚገኝበት ዛፍ በ1860ዎቹ ወደ ሕንድ የተሻገረው በኪው በኩል ነው። በ1876 ሄንሪ ዊካም የተባለ ሰው ከብራዚል 70,000 ያህል የጎማ ዛፍ ዘር አመጣ። ኪው ውስጥ ተዘርተው ከበቀሉት 2,700 ገደማ ችግኞች አብዛኞቹ ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪ ላንካ) ተላኩ፤ የማሌዢያ የጎማ እርሻዎችም ከእነዚያ ተከታታይ ጭነቶች ተነሡ። ጥቂት አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላ የብራዚል የጎማ ንግድ ወደቀ። ዘሩ የተገኘበት ሕዝብ ምንም አላገኘም።

ይህን የማነሣው እናትዎ ቀኑን እንዲጠሉት አይደለም። ተቋሙ ራሱም በ2021 ባወጣው የአሥር ዓመት እቅድ ይህን ታሪኩን በግልጽ ለመናገር ቃል ገብቷል። እኛ ደግሞ የቡና፣ የጤፍና የእንሰት አገር ሰዎች ስለሆንን ይህን የጎማ ታሪክ ከሌላው ጎብኚ ይበልጥ በጥሞና ልናነበው ይገባል። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን በሆላንድ አገር አንድ ኩባንያ የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ለዓመታት ከቆየ በኋላ በ2018 የዚያው አገር ፍርድ ቤት እንደሰረዘው የምናስታውስ ሰዎች ጉዳዩ የድሮ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ከጅማ

በቡና ላይ የምሠራ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ይህን ውይይት ያገኘሁት ወዳጄ ልኮልኝ ነው። ሰላም ከሌስተር የጠየቁትን የአገራችንን ግንኙነት በተመለከተ የማውቀውን ላካፍል። ታሪክ ወዳድ ባነሡት ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ነገሩ እዚያ ላይ ብቻ እንዳይቆም እፈልጋለሁ።

አረቢካ ቡና በተፈጥሮ በጫካ የሚበቅለው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ሲሆን በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባም ይገኛል። ይህ የጫካ ቡና በአየር ለውጥ ምን እንደሚገጥመው ለማወቅ የኪው ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር በመሆን ለዓመታት በጫካዎቻችን ተዘዋውረዋል። በ2017 የወጣው ጥናታቸው፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዛሬ ቡና ከሚለማበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል፣ በአንጻሩ እርሻው ወደ ከፍታ ቦታዎች ቢሸጋገርና ደኑ ቢጠበቅ ለቡና የሚሆነው መሬት ከዛሬው አራት እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል አሳይቷል። ከጥናቱ ጸሐፊዎች መካከል ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይገኙበታል። ኪው በ2019 ባወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በዓለም ላይ ከሚታወቁት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው ተገልጿል። በፓልም ሀውስ ውስጥ በቡናው ተክል አጠገብ ስትቆሙ ልጆቹ ይህን ቢሰሙ፣ ተክሉ ከሲኒው በስተጀርባ ያለ ተራ ቁጥቋጦ ብቻ ሆኖ አይታያቸውም።

ፕሮፌሰር ሰብስቤን ካነሣሁ አይቀር፣ የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ በዝርዝር ባስመዘገበው ታላቅ የመጽሐፍ ሥራ ውስጥ ከመሪዎቹ አንዱ የነበሩ፣ ጉለሌ የሚገኘውን የአዲስ አበባ የዕፅዋት ማእከልንም የመሩ ምሁር ናቸው። ኪው በ2016 ዓለም አቀፍ ሜዳሊያውን ሸልሟቸዋል። ይህን በኩራት ለልጆቹ ሊነግሯቸው ይችላሉ።

እንሰትም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ሃያ ሚሊዮን ገደማ ሕዝባችን የሚመገበውን ይህን ተክል፣ ከአገራችን ውጭ እንደ ምግብ የሚያለማው አገር ባለመኖሩ ዓለም ለረጅም ጊዜ ችላ ብሎት ነበር። አሁን የኪውና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የገበሬውን የዝርያ እውቀት አብረው እየመዘገቡ ነው። የገበሬው እውቀት ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የትኛው የእንሰት ዝርያ ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለስብራት መድኃኒት እንደሚሆን የሚያውቀው ላብራቶሪ ሳይሆን ጓሮዋን የምትንከባከበው እናት ናት።

ለጎብኚ ዝግ የሆነው የኪው ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ማኅደር፣ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ናሙናዎች አሉት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ዐድዋ ተቀምጦ ለአሥርት ዓመታት ከሰሜን ኢትዮጵያ ዕፅዋት የሰበሰበው ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር የላካቸው ናሙናዎችም በውስጡ ይገኛሉ። ወደ ውስጥ መግባት ባይቻልም ናሙናዎቹ በፎቶግራፍ እየተነሡ በኢንተርኔት ለሁሉም ሰው በነፃ እየተለቀቁ ስለሆነ ከጉብኝቱ በፊት በነበረው ምሽት ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡትን ይፈልጉ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በወረቀት ላይ የተለጠፈ የአገር ቤት ቅጠል፣ ግርጌው ላይ በእጅ ጽሑፍ የቦታው ስም ሰፍሮበት ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ስለ መብቱ ጉዳይ ደግሞ፣ አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። የዘር ማከማቻዋ በአውሮፓውያን ከ1976 ጀምሮ እየሠራ ያለ፣ ዛሬ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም ነው፤ የዘረ መል ሀብትን ማንም ዝም ብሎ ወስዶ እንዳይጠቀምበት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ በአውሮፓውያን 2006 ወጥቷል። ከውጭ ተቋም ጋር መሥራት ኪሳራ የሚሆነው ሕጉን የሚያስከብር ሰው ሲጠፋ ነው።

ነዋሪ ዘፑትኒ

ሁላችሁም የምትሉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ። ነገር ግን ለአራት ሰው የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ነው። ከኪው በቅርብ ርቀት ላይ ሪችመንድ ፓርክ አለ፤ ከ900 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው፣ አጋዘን የሚሰማራበት፣ ያለ ምንም ክፍያ የሚገባበት ነው። ውስጡ ያለው የኢዛቤላ አትክልትም በሚያዝያና በግንቦት በአበባ ይሸፈናል። ዛፍ ለማየት መክፈል ለምን ያስፈልጋል? እናትዮዋም ቢሆኑ ሰፊ ሜዳና ንጹሕ አየር እንጂ የመስታወት ቤት የሚናፍቁ አይመስለኝም።

አትክልተኛው

ነዋሪ ዘፑትኒ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው። ለመንሸራሸር ብቻ ከሆነ ሪችመንድ ፓርክ ይበልጣል፤ እኔም ቤተሰቤን የምወስደው ወደዚያ ነው። ኪው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገንዘቡ የሚከፈለውም ለዛፉ ጥላ ሳይሆን ስለ ዛፉ ለሚሠራው ሥራ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ፤ በሙያዬ ውስጥ ከሰማኋቸው ሁሉ የሚደንቀኝ እርሱ ነው።

በኪው ግቢ የተርነር ኦክ የሚባል፣ በ1798 የተተከለ ትልቅ ዛፍ አለ። በ1980ዎቹ እየተዳከመ፣ ቅጠሉ እየሳሳ መጥቶ ነበር። ጥቅምት 16 ቀን 1987 ሌሊት ደቡብ እንግሊዝን የመታው ማዕበል በግቢው ውስጥ 700 ያህል ዛፎችን ሲጥል፣ ይህን ዛፍ ከነሥሩና ከነአፈሩ ወደ ላይ አንሥቶ መልሶ እቦታው ላይ አስቀመጠው። ሠራተኞቹ ያበቃለት ስለመሰላቸው ድጋፍ አደረጉለትና ወደ ሌሎቹ የወደቁ ዛፎች ሄዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመለሱበት ግን ዛፉ ለብዙ ዘመን ባልታየበት ልምላሜ አገኙት። የዛፎቹ ክፍል ኃላፊ የነበሩት ቶኒ ከርካም ምክንያቱን ተረዱት። ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ የጎብኚው እግር ሥሩ ያለበትን አፈር ጠቅጥቆት ዛፉ አየርና ውሃ አጥቶ ታፍኖ ነበር፤ ማዕበሉ አፈሩን ስላላላው ነፍስ ዘራ። ከዚያ ወዲህ ኪው በታመቀ አየር የዛፎቹን ሥር አካባቢ ማላላት፣ ከግንዱ ዙሪያ ሣሩን አንሥቶ የበሰበሰ ቅጠል ማልበስ ጀመረ፤ ዘዴውም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። እኔ ራሴ ዛሬ በምሠራበት መናፈሻ ከአንድ ዛፍ ሥር ሰው እንዳይቆም ገመድ ስዘረጋ የማደርገው ከዚያ የተማርነውን ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያሉ የአገራችን ጽዶችና ወይራዎች ሥራቸው ሲሚንቶ እየለበሰ ሲደርቁ ባየሁ ቁጥርም ይህ ኦክ ይታወሰኛል።

ስለዚህ አቅም ያለው ይክፈል፤ አቅም የሌለው ደግሞ የመንታዎች እናት የጠቀሱትን የ1 ፓውንድ መግቢያ ይጠይቅ።

ሰላም ከሌስተር

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጠበቅሁት በላይ ነው የጻፋችሁልኝ። ጽሑፉን በሙሉ ለእናቴ በስልክ አንብቤላት ስለ ተርነር ኦክ ስትሰማ "አፈር ሲረገጥ ቡናም እንዲሁ ነው" አለችኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅና ላብቃ። አንደኛው፣ እናቴ ቅጠል ቀጥፋ እጇ ላይ አሽታ ማሽተት ልማዷ ነው፤ የወደቀ ዘር ካየችም ማንሣቷ አይቀርም፤ ይህ ያስጠይቀን ይሆን? ከአገር ቤትም ለጓሮዬ የጤና አዳም ችግኝና የበሶብላ ዘር ላምጣልህ ብላኛለች። ሁለተኛው፣ በየት በር ገብተን በየት በኩል ብንዞር ጉልበቷ ይቆጠባል?

አትክልተኛው

"ቡናም እንዲሁ ነው" ማለታቸው እውነት ነው፤ ከእሳቸው ጋር ብጓዝ እኔም እማር ነበር።

ቅጠል መቅጠፍም ሆነ የወደቀ ዘር መውሰድ ክልክል ነው። ከተክሎቹ አንዳንዶቹ እንደ ካፌ ማሮን ያሉ፣ በዓለም ላይ ጥቂት የቀሩ ስለሆኑ እያንዳንዱ ዘር ይቆጠራል። ይህን ለእናትዎ ምክንያቱን አስረድተው ቢነግሯቸው ይቀበሉታል ብዬ አምናለሁ። በግቢው ውስጥ ያለ ክፍያ የሚያስጎበኙ በጎ ፈቃደኞች አሉና ስለ ተክሎቹ የፈለጉትን ይጠይቋቸው፤ እርስዎ እያስተረጎሙ እናትዎ ስለ ቡና ቢነግሯቸው ደግሞ ደስታውን አይችሉትም።

ስለ ጤና አዳሙና ስለ በሶብላው ግን በጥብቅ እመክርዎታለሁ። ከውጭ ወደ እንግሊዝ ችግኝም ሆነ የሚዘራ ዘር በሻንጣ ለማስገባት ከመነሻው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰድባቸዋል። ክልከላው ነፍሳትና የተክል በሽታ እንዳይዛመት ነው። የሲሎንን የቡና እርሻ ከ1869 ጀምሮ ያጠፋው የቡና ቅጠል ዝገት እንዴት እንደተዛመተ የሚያውቅ ሰው ሕጉን አያማርርም። ተቆልቶ የተፈጨ ቡና ይያዙልዎ፤ ጤና አዳሙን እዚህ ከአትክልት ሱቅ በቀላሉ ያገኙታል።

መንገዱን በተመለከተ፣ በዲስትሪክት ባቡር ኪው ጋርደንስ ጣቢያ ይውረዱና በእግር ጥቂት ሄደው በቪክቶሪያ ጌት ይግቡ። በሩ ሲከፈት ብትደርሱ ፓልም ሀውስን ሰው ሳይበዛበት ታዩታላችሁ። ነጩን ጠመዝማዛ ደረጃ ልጆቹ ይውጡት፤ እናትዎ ከታች ከቡናው ዘንድ ይቆዩ። የውሃ አበባው ቤት ክፍት ከሆነ ከዚያው አጠገብ ነው። ካልሆነ ወደ ፕሪንሰስ ኦቭ ዌልስ የመስታወት ቤት ጎራ ብላችሁ ግዙፎቹን የውሃ አበቦች ተመልከቱ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቪክቶሪያ ቦሊቪያና በኪው ማኅደር ውስጥ ለ177 ዓመት በሌላ ስም ተቀምጦ ቆይቶ በ2022 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀ፣ ቅጠሉ በተፈጥሮ ቦታው ከሦስት ሜትር የሚያልፍ ነው። ጣና ሐይቅን ካስቸገረው እንቦጭ ጋር ዘመድ አይደለም፤ ሁለቱም ከደቡብ አሜሪካ መምጣታቸው ብቻ ነው የሚያገናኛቸው።

ከዚያ በኋላ ከፓልም ሀውስ ፊት ለፊት ባለው ኩሬ ዳር ካሉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ምሳችሁን ብሉና ቢያንስ አንድ ሰዓት ዕረፉ። ከሰዓት በኋላ ወደ ቴምፐሬት ሀውስ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ በግቢው ውስጥ ጎብኚ እየጫነች የምትዞረው መኪና በዚያ ቀን የምትሠራ ከሆነ ይህን መንገድ በእርሷ ብትሄዱ ይሻላል። ከቴምፐሬት ሀውስ ፓጎዳው ቅርብ ስለሆነ እናትዎ ደረጃውን መውጣት ሳያስፈልጋቸው ከሥሩ ሆነው ዘንዶዎቹን ያያሉ። ልጆቹ 253ቱን ደረጃዎች እንውጣ ካሉ ከመካከላችሁ አንድ አዋቂ አብሯቸው ይውጣ።

መውጫችሁን ከፓጎዳው አጠገብ ባለው ላየን ጌት አድርጉት፤ መላውን ግቢ ወደ ኋላ ከመመለስ ያድናችኋል። በኪው ሮድ ላይ 65 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሪችመንድ ጣቢያ ይወስዳችኋል። ይህ በር ከሌሎቹ ቀደም ብሎ ሊዘጋ ስለሚችል ጠዋት ስትገቡ የሚዘጋበትን ሰዓት ጠይቁ።